ከግንቡ ውስጥ የመጣ ድምፅ

ግንብ የሚታየው ሲወድቅ ብቻ ነው። ቆሞ ሳለ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። እኔ አርባ ዓመት ያህል የወንዝ ዳር ድጋፍ ግንብ ስሠራ ኖሬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ፤ ፒያሳ ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት የሚሰበሰቡት የሰፈሬ ልጆች ግን እስከ ዛሬ ምን እንደሠራሁ በቅጡ አያውቁም። አንዱ «ሰይድ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ወንዝ ሲያስታምም ነው የኖረው» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «በሽተኛው ግን አልዳነም» ይላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ለሳቅ አይደለም። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አንድ ነገር አወቅሁ፤ ካወቅሁበት ሰዓት ጀምሮ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። የሆነውን ከመጀመሪያው ልናገር።

የተወለድኩት ከፒያሳ በታች፣ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ አራዳ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ሐሳቡም ሱቁን እንድወርስ ነበር። እኔ ግን ከባንኮኒ ኋላ መቆም አልሆነልኝም። ትምህርቱም አሥረኛ ክፍል ላይ ሲቆም፣ አባቴ ከሱቃችን ጨርቅ የሚገዙ አንድ የግንበኞች ፎርማን ነበሩና እሳቸውን ለመነልኝ። ጋሽ ተክሌ ይባላሉ። በማግስቱ ድንጋይ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። የቀን ክፍያዬ ምሳዬን ትሸፍን ነበር፤ ስለ እሷ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጋሽ ተክሌ አጭር፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ጠጋ ካላሉ የማይሰሙ ሰው ነበሩ። ድንጋይ ሲያነሱ ፊቱን እስኪያገኙ ያገላብጡታል። ድንጋይም እንደ ሰው ፊትና ጀርባ አለው፣ ጀርባውን ለመንገደኛ አትስጠው ይሉን ነበር። የግንብ ቀጥታ የሚለኩበትን ቱንቢያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ፣ በኪሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ፤ ዕቃ ቤት አያሳድሩትም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ልማዳቸው ነው። አዲስ ገደል ላይ ሥራ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው ቀን ማንም ዶማ አያነሳም። ጋሽ ተክሌ ባልዲ ገልብጠው ከወንዙ ማዶ፣ ከገደሉ ፊት ለፊት ይቀመጡና ከጠዋት እስከ ምሳ ሲያዩ ይውላሉ።

የሚያዩት ወፍ ነበር።

ወፎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጀርባቸው አፈር የመሰለ ቡናማ፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ። ቀኑን ሙሉ ከውሃው በላይ እየተወረወሩ ትንኝ ይለቅማሉ። ስማቸውን አናውቅም ነበር። ጋሽ ተክሌ «ቆፋሪዎቹ» ይሏቸዋል፤ እንደ ሙያ ባልደረባ። እኛም እንደዚያው ለመድን።

መስከረም አልቆ ወንዙ ሲጎድል፣ ክረምቱን ጎርፍ የቆረጠው ገደል ይገለጣል። ያኔ ይመጣሉ፤ የሚመጡትም አንድ ሁለት ሆነው ሳይሆን መንደር ሆነው ነው። ወንዱና ሴቷ ተራ በተራ በጥፍራቸው ገደሉ ላይ ተንጠልጥለው በመንቁራቸው ይወጉታል። ጭንቅላት የሚያስገባ ያህል ሲከፈት ይገቡና አፈሩን በእግራቸው ወደ ኋላ ይረጩታል፤ ከማዶ ሆኖ ላየው ሰው ገደሉ ከሃያ ከሠላሳ ቦታ ቀጭን አቧራ ያፈሳል። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት እንዲህ ይቆፍራሉ። የጉድጓዱ አፍ ቡጢ አያስገባም፤ ርዝመቱ ግን ክንድ ይሞላል፣ አንዳንዱም ያልፋል። ወደ ውስጥ ሲሄድ ውሃ እንዳይገባበት ትንሽ ሽቅብ ይላል። መጨረሻው ላይ ጎድጎድ ያለች፣ እንደ ትንሽ ሳህን ያለች ማረፊያ አለች። እዚያ ሣርና ላባ ያነጥፉና እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ገና ሲያልፍ ከየቤቱ ወደ ወንዙ የሚጣለው የዶሮ ላባ ለእነሱ ፍራሽ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነበር። እነሱም በበጋ ይቆፍራሉ፣ እኛም በበጋ እንቆፍራለን። ወንዙ ለሁለታችንም የሚጎድለው በአንድ ወቅት ነው።

ጉድጓድ ስላለ ብቻ ሁሉም ቤት አይደለም። ጀምረው ድንጋይ ሲያጋጥማቸው የሚተዉት አለ፤ የአምናው አለ፤ ጫጩት አሳድገው የለቀቁት አለ። ነዋሪ ያለበትን ከባዶው ለመለየት ጋሽ ተክሌ የሰንበሌጥ ዘንግ እየቆረጡ በየጉድጓዱ አፍ ላይ በቁም ይሰኩ ነበር። ከዚያ «ሰው ሁሉ ከፊታቸው ይጥፋ» ይላሉ። ግንበኛውም፣ አሸዋ ተሸካሚውም፣ ውሃ ቀጂውም ከወንዙ ወጥቶ አስፋልት ዳር ይሄዳል። አንድ ሰዓት ሙሉ። ስንመለስ ሰንበሌጡ የወደቀበት ጉድጓድ ነዋሪ አለበት። የቆመበት ባዶ ነው። ነዋሪ ያለበትን ክፍል ትተን ከሌላው ጫፍ እንጀምራለን፤ እየሠራን እስክንደርስ ጫጩቶቹ ክንፍ አውጥተው ይሄዳሉ። አለቆቹ ለምን ሥራው ከዚህ እንዳልተጀመረ ሲጠይቁ፣ ጋሽ ተክሌ በዕለት መዝገቡ ላይ የሚጽፉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አፈሩ አልደረቀም»።

እኔ ወጣት ሳለሁ ይህን ሁሉ የደግ ሽማግሌ ጠባይ አድርጌ ነበር የማየው። በኋላ ነው ሌላውን ግማሽ ያስረዱኝ። ቆፋሪዎቹ የሚመርጡት አፈር ለመቆፈር የላላ፣ ለመቆም ግን የጠና ደለል ነው። ውሃም የሚመርጠው ያንኑ ነው። እነሱ የሰፈሩበት መስመር ክረምት ሲመጣ ውሃ የሚሄድበት መስመር ነው። ስለዚህ ከለቀቁ በኋላ ጉድጓዶቹ እስከሚያልቁበት ድረስ፣ ክንድ ተኩል ያህል፣ ገደሉ ወደ ውስጥ ተቆርጦ በድንጋይ መሞላት አለበት። ባዶውን ትቶ ፊቱን መሸፈን በተቦረቦረ ጥርስ ላይ ወርቅ እንደማልበስ ነው አሉኝ። እጄን ይዘው አንድ የተለቀቀ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ክንዴ አስገቡት። መጨረሻው ላይ ላባው ይሞቃል።

አሥራ ስድስት ዓመት በእሳቸው ሥር ሠራሁ። ከተሸካሚነት ወደ ጠራቢነት፣ ከጠራቢነት ወደ ግንበኝነት አለፍኩ። ቀበና ሠራን፣ አቃቂ ወረድን፣ ቸርችል ጎዳና ግርጌ አንድ በጋ ከረምን። ጋሽ ተክሌ ሳንባቸውን ታመው ቤት ሲውሉ ፎርማንነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። የመጀመሪያ ሥራዬም ያደግኩበት ሰፈር፣ እሪ በከንቱ፣ ሆነ።

ገደሉ ላይ ጫፉ ድረስ የተጠጋ የቀበሌ ቤት ነበር። ወይዘሮ አልማዝ የምትባል ልብስ ሰፊ ከባሏ ከግርማና ከአራት ዓመት ልጇ ጋር ትኖርበታለች። የስፌት መኪናዋን ብርሃን ፍለጋ ገደሉን በሚያየው መስኮት ሥር አድርጋዋለች፤ ከታች ሆነን ስንሠራ የመኪናው ድምፅ ይሰማን ነበር። ውሃ በጆግ ታወርድልን ነበር፤ የአንዳንዱንም የተቀደደ ሱሪ ዝም ብላ ጠቅማ ትሰጠው ነበር።

ያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀድሞ መጣ። በየካቲት ሁለት ቀን ሙሉ ዘንቦ የቤቱ ወለል ላይ ስንጥቅ ታየ። አለቃችን፣ ኢንጂነር በላቸው እንበለው፣ መጥቶ አየና ገደሉ በሦስት ቀን ውስጥ ፊቱ ካልተዘጋ ቤቱ ይወርዳል አለ። ልክ ነበር፤ ሊወርድም ይችል ነበር። ገደሉን ወደ ውስጥ መቁረጡስ ስለው፣ ስንጥቅ ላይ ዶማ አላስነሳም፣ ጉድጓዶቹን ከፊት ሙላቸውና ግንቡን አስጠጋው አለኝ። ወፎቹን አላነሳሁበትም። አዲስ ፎርማን ነበርኩ፤ ወፍ ይጠብቃል እንዲባልብኝ አልፈለግኩም።

ሁለት ቀን መሠረቱንና የታችኛውን ረድፍ ሠራን። በሦስተኛው ጠዋት ግንቡ ከጉድጓዶቹ ከንፈር ደረሰ። ያኔ የጋሽ ተክሌን ነገር አስታወስኩና ሰንበሌጥ ቆርጬ ሰካሁ። ግን ሰው ከፊታቸው እንዲጠፋ አላደረግኩም። ሠላሳ ሠራተኛ ከሥር ሲንጫጫ፣ ዶማና አካፋ ሲጋጭ፣ የትኛዋ ወፍ ትቀርባለች? ከራሳችን በላይ እየተሽከረከሩ ነበር፤ አፋቸው ትንኝ ይዟል። አይቻለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ሰንበሌጦቹ በሙሉ እንደቆሙ ነበሩ። ጮክ ብዬ «ባዶ ናቸው» አልኩ። ለማን እንደተናገርኩ እንጃ፤ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የዕለት መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጉድጓዶቹ ተፈትሸው ባዶ ሆነው ተገኝተዋል፤ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሞልተዋል።» ባዶ አልነበሩም። የተሞሉትም አፋቸው ብቻ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሥራው አለቀ። ሠራተኛው ዕቃውን ሊያጥብ ወደ ውሃው ወረደ፤ ድብደባው ሁሉ ቆመ። ጫጩት፣ ወላጆቿ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲያሰሙ ትንፍሽ አትልም፤ ጸጥታ ሲሆን ነው የምትጠራው። ይህንን ያኔ አላውቅም ነበር። ዘነበች የምትባል ባሬላ ተሸካሚ ግንቡ ሥር እግሯን ስትታጠብ ቀና አለች። ዝምተኛ ሴት ነበረች፤ ጠዋት ሰላምታ ሰጥታ ማታ ሰላምታ የምትሰጥ።

«ፎርማን» አለችኝ፣ «ውስጥ ነገር አለ።»

ድጋፍ ግንብ ኋላው ውሃ እንዳይጠራቀም ቱቦ ይተውለታል። ድምፁ የሚመጣው በቱቦዎቹ ነው። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ወደ አንዱ አስጠጋሁ። ከአንድ ጫጩት የሚወጣ ድምፅ አይደለም፤ ከሩቅ እንደሚሰማ የትምህርት ቤት ግቢ ነበር። ወደ ሌላው ቱቦ ሄድኩ። እዚያም አለ። እጄ ላይ ያለው ሲሚንቶ እስኪደርቅ ድረስ እዚያው ቆሜያለሁ።

በዚህ መሐል ወላጆቹ መጡ። ሥራው ሲቆም ጠብቀው ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። እያንዳንዱ ቤቱ ወደነበረበት ቦታ ቀጥ ብሎ ይመጣና ድንጋዩ ላይ ይንጠለጠላል። ስህተት የሠራ እየመሰለው ይነሳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ እዚያው ይለጠፋል። አንዷ ቱቦው ውስጥ ገባች። ከውስጥ ስትንፏቀቅ ሰማናት። ቱቦው ከኋላ በጠጠር የታፈነ ነው፤ ብዙ ቆይታ በጭራዋ በኩል ወጣች። ትንኙ አፏ ላይ ነበር።

ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ዘነበች «ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ አሁን ቢፈርስ ይፈርሳል» አለች። ካፈረስነው ቤቱ ከነሰዎቹ ይወርዳል አልኳት። እውነት ነበር ወይስ ሰበብ? እስከ ዛሬ ለራሴ አልመለስኩትም። ሁላችሁም ወደ ቤት ብዬ አሰናበትኳቸው። ዘነበች ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ አልመጣችም።

ድምፁ በማግስቱም ነበር፤ ቀጭን ሆኖ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጆሮዬን ሳስጠጋ ከቱቦው የወጣው ቀዝቃዛ አየር ብቻ ነው። ወፎቹ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይመጡ ነበር፤ ከዚያ ቀሩ።

ጋሽ ተክሌን ልጠይቅ የሄድኩት በዚያው ሰሞን ነው። አልጋ ላይ ነበሩ። ግንቡ እንዴት ነው አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። ቆፋሪዎቹስ አሉኝ። ባዶ ነበር አልኳቸው። አዩኝና «ሰው ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር?» አሉ። አዎ አልኩ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ደስ እንዳላቸው ነገሩኝ። ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሳለቅስ ሰው ለመምህሩ የሚያለቅስ መስሎት አጽናናኝ።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም ተጠራሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነበር ያደረው። ስደርስ ግንቡ ከመሐሉ ተከፍቶ ወንዙ ውስጥ ተኝቷል፤ ከላይ የነበረው ክፍል ግማሹ አብሮ ወርዷል። ግርማ ሥራ ሄዷል፤ ልጁ ጎረቤት ነበር። ወይዘሮ አልማዝ ስፌት ላይ ነበረች። ከጭቃው ውስጥ አውጥተን በበር ሳንቃ ተሸከምናት። ቀኝ እጇ በስፌት መኪናው ሥር ነበር። ነፍሷ አለች፤ «መኪናው ተሰበረ?» ብላ ነበር የምትጠይቀው። እጇን ግን ሰው እንዳያየው በነጠላ ሸፈኑት።

እሷን ወደ ሐኪም ቤት ከሸኘን በኋላ ወደ ኋላ ዞሬ ገደሉን አየሁት። ምነው ባላየሁት! አፈሩ ልክ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ተሰንጥቆ ጉድጓዶቹ ከጎን ይታያሉ፤ ሁሉም ከነርዝመታቸው፣ ከነማረፊያቸው። ሣሩ አለ። የዶሮ ላባው አለ። ላባው ላይ ጥቃቅን አጥንቶች አሉ። ውሃ ከየጉድጓዱ እየወጣ ላባውን ያወርዳል። ውሃው ሲጠራቀም ከርሞ ግንቡን ከኋላ የገፋው ከዚያ ነው። ግንበኛ ለሆነ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ተከፍቶ የተቀመጠ መጽሐፍ ነበር። ከሰዓት በኋላ የቀረው ገደል ስለተናደ ሌላ ማንም አላየውም።

የአደጋውን ምክንያት የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ለኢንጂነር በላቸው ጉድጓዶቹ አልተቆረጡም፣ አልተሞሉም አልኩት። መዝገቡን ገልጦ የራሴን ጽሑፍ አሳየኝ። «አንተ ተሞልተዋል ብለሃል። አልተሞሉም ካልክ እስር ቤት የምትገባው አንተ ነህ። ዝናብ ነው፤ ሁሉም ያየው ዝናብ ነው» አለኝ። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ሦስተኛው በመንገድ ላይ ነበር። ሪፖርቱ ሲመጣ እያካፋ ነበር፤ መኪና ኮፈን ላይ ዘርግቼ፣ መጀመሪያ የተጻፈውን «ከባድ ዝናብ» የሚለውን ብቻ አንብቤ ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ሰንበሌጥ ሰክቼ፣ ሰው አስወጥቼ፣ ሰዓቴን አይቼ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማንንም አላስገባም ነበር። «አፈሩ አልደረቀም» እያልኩ ስጽፍ ስንት አለቃ ተቀየረብኝ። ጉድጓድ ያለበትን ገደል ሁሉ ሳልቆርጥ አልገነባሁም። ጠንቃቃ ነው ተባልኩ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። እኔ ግን እንደ ዕዳ ነበር የምሠራው።

አንድ በጋ ከአራት ኪሎ አንዲት የሳይንስ ተማሪ ወፎቹን ልታጠና መጥታ ሦስት ሳምንት ከጎኔ ተቀመጠች። ሰንበሌጡን ስታይ ተገርማ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀች። ስለ ጋሽ ተክሌ ነገርኳት። እሷም በተራዋ የምታውቀውን ነገረችኝ። መንደር ሆነው ተጠጋግተው ስለሚኖሩ፣ ጫጩቶቹ ከጉድጓድ ሊወጡ ሲቃረቡ ወላጆቹ የራሳቸውን ልጅ ከመቶው መሐል በድምፁ ብቻ ይለያሉ አለች። እያንዳንዱ ድምፁ የተለየ ነው አለች። እኔ ግን መስማት አቁሜ ነበር። በእኔ ጆሮ አንድ ጫጫታ የነበረው፣ ለእነዚያ ድንጋዩ ላይ ለተንጠለጠሉት ስም ስም ነበረው ማለት ነው። ፊቴን አይታ ምን ሆኑ አለችኝ። ፀሐዩ ነው አልኳት።

እንዲህ ሆኖ ጡረታዬ ደረሰ። ወረቀቱ አለቀ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ካባ አለበሱኝ። በሳምንቱ መሳቢያዬን ላጸዳ ሄድኩ። ከታች፣ ከአሮጌ ንድፎች ሥር፣ የዚያ ኮሚቴ ሪፖርት ግልባጭ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። ከባድ ዝናብ ይላል። ከዚያ ሁለተኛ ምክንያት የሚል አለ። ከገደሉ በላይ ነዋሪ የሆኑት ወይዘሮ አልማዝ በየዕለቱ የሚደፉት የእጣቢ ውሃ አፈሩን በማራስ ለአደጋው ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጓል፤ ይህም ለነዋሪዋ በጽሑፍ ተገልጾላቸዋል ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት እኔ ጥፋቴን ለዝናብ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፤ ለዝናብ ሲሆን ማንንም አይጎዳም ብዬ። ለካ የሰጠሁት ለእሷ ነው።

ለባለቤቴ ለዘሃራ ነገርኳት። ሦስት ልጅ የወለድንበት ትዳር ነው፤ ይህን ግን አንድም ቀን ተንፍሼላት አላውቅም። ሰምታ ስትጨርስ ሽማግሌ እንላክ ወይ አላለችኝም፤ ጫማህን አድርግ ብቻ አለችኝ።

እሪ በከንቱ ለልማት ከፈረሰ በኋላ ማን የት እንደገባ ማወቅ ከባድ ነው። እየጠየቅኩ፣ እየተቀባበሉኝ፣ ወይዘሮ አልማዝ ሥላሴ አካባቢ ከልጇ ጋር እንዳለች ደረስኩበት። ልጁ ዳዊት አራት ኪሎ መውረጃው ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቷል፤ እሷ ከኋላው ባለው ክፍል ትኖራለች። ከፒያሳ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ብይዝ ቶሎ እደርሳለሁ ብዬ ፈራሁ።

በር ላይ ስታየኝ ወዲያው አወቀችኝ። ጸጉሯ ሸብቷል። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች አይታጠፉም፤ በግራዋ ጨበጠችኝ። ለልጇ ከጭቃ ካወጡኝ ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው እያለች ስታወራለት እንደኖረች ነገረችኝ። ያን ስትለኝ ተመልሼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ሻይ አቀረበች። አልነካሁትም።

ሁሉንም ነገርኳት። ወፎቹን፣ ሰንበሌጡን፣ ከቱቦው የመጣውን ድምፅ፣ መዝገቡ ላይ የጻፍኩትን፣ ግንቡ ሲከፈት ያየሁትን፣ ሳላነብ የፈረምኩትን። ከፊት ለፊት የፎቶ ኮፒው ማሽን ሲሠራ ይሰማል።

«ውሃው አይደለም?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አይደለም።»

«የእኔ ውሃ አይደለም?»

«አይደለም፣ ወይዘሮ አልማዝ። እርስዎ የደፉት ውሃ ያን ግንብ አይነቀንቀውም። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀስ ብላ የሆነውን ነገረችኝ። ወረቀቱ ከመጣ ቀን ጀምሮ ግርማ አንድም ቀን አልማረኝም አለች። በሰው ፊት አይናገርም፤ ብቻችንን ስንሆን ግን ቤታችንን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ ይለኝ ነበር አለች። ልጁም ያንን እየሰማ አደገ። እሷም አመነችው። ከዚያ ወዲህ የዕቃ እጣቢ እንኳ ደጅ ላይ ደፍታ አታውቅም፤ በጄሪካን አድርጋ በግራ እጇ ተሸክማ አስፋልቱ ቱቦ ድረስ እየወሰደች ነው የምትደፋው። ግርማ ከሦስት ዓመት በፊት ሞቷል። ሲሞትም አልታረቁም።

ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ በእጇ አስቆመችኝ። በዚያ በማይታጠፈው እጇ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች። ወደ በሩ ሄደችና ልጇን ጠራችው። ዳዊት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ፤ ረጅም፣ ፊቱ ቁጥብ ወጣት ነው። ደንበኛ አለ እኮ እማዬ አላት። ደንበኛው ይጠብቅ ብላ ከእኔ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። እሷም ከጎኑ ተቀመጠች።

«ለእኔ እንደነገሩኝ አድርገው ይንገሩት» አለችኝ።

ልጁ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ከየት እንደምጀምር ጠየቅኳት።

«ከወፎቹ» አለች።

ከወፎቹ ጀመርኩ።